ተራ ቁጥር 18

ሰኔ 10 ቀን 2004፣ እሁድ፣ ሮቤ

ዛሬ ሻፊን ጎባ ወስጄ አስረከብኩ።

ለልጅ "አስረከብኩ" እንደማይባል አውቃለሁ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። አስራ ዘጠኝ ዓመት መጋዘን ስጠብቅ አንድም ነገር ያለ ፊርማ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ለማዳበሪያ የሚደረግ ለልጄ ሊቀርበት ነው? ስለዚህ የርክክብ ወረቀት አዘጋጀሁ። በካርቦን ሁለት ቅጂ፣ ሃያ አንድ ተራ ቁጥር፣ ዳር ላይ "ምርመራ" የሚል ዓምድ።

ጥቂቱን እዚህ ልገልብጥ፣

1. ሻፊ ሙህዲን፣ 19 ዓመት። ሲጠሩት አይዞርም። ይሰማል ግን።
2. ሦስት ቃል አለው፤ "ውሃ"፣ "አባ"፣ "በቃ"። "በቃ" ካለ የሚደረገው ነገር ይቁም።
5. ወጥ እንጀራው ላይ አይፈስም። ለብቻ በሳህን።
6. ሙዝ ይወዳል።
9. ሱፍ ልብስ ቆዳውን ይበላዋል። ጥጥ ብቻ።
11. ቆርኪዎቹ (በፌስታል፣ ቁጥራቸው 64) አይወሰዱበት።
14. ወፍጮ ወይም ጄኔሬተር ሲነሳ ጆሮውን ይያዙለት።
16. አዛን ሲሰማ አብሮ ያንጎራጉራል። በሽታ አይደለም፣ ይተዉት።

ሌላውን መገልበጥ አያስፈልግም።

ትናንት ለሚስቴ ለዙህራ አነበብኩላት። ቀኝ እጇ ጀሶ ውስጥ ነው። ግንቦት ላይ የጎረቤት ወፍጮ ሲነሳ ሻፊ ገፍትሯት ደረጃው ላይ ወደቀች። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ድምፁን ሊሸሽ ነው። ግን አጥንቷ ተሰበረ፣ ብቻዋን ልትይዘው አልቻለችም፣ እኔ ሥራ አለብኝ። በቃ፣ ምክንያቱ ይሄ ነው።

"ሁሉንም ጻፍክ?" አለችኝ።

"ሁሉንም።"

የእንክብካቤ ማዕከሉ ኃላፊ አቶ ገብረ ሚካኤል ወጣት ሰው ነው፣ ከረባት ያደርጋል። ወረቀቱን አይቶ ሳቀ። "ጋሽ ሙህዲን፣ እኛም የዕቃ መረከቢያ ሞዴል 19 እንቁረጥልዎ እንዴ?" እኔም ሳቅኩ። ሳያነብ ፈረመ፣ ማህተም አደረገበት።

ቁልፍ በአንገቱ ያንጠለጠለ ጉሉማ የሚባል ተንከባካቢ መጥቶ ሻፊን ክንዱን ያዘው። ሻፊ ፌስታሉን ይዞ ሄደ። ወደ ኋላ አላየም። ድሮም አያይም።

እስኪለምድ አንድ ወር እንዳንሄድ ተነገረን። ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ ብቻ።

ሰኔ 11

ተኛሁ። አንዴም ሳልነቃ። ከስንት ዓመት በኋላ። ዙህራም ተኝታለች። ፈጅር ላይ ተነስቼ አልሀምዱሊላህ አልኩና አፈርኩ።

ሰኔ 19

ስልክ፣ ሦስተኛ ጊዜ።

ሰኔ 13፦ "ደህና ነው፣ በልቷል፣ ተኝቷል።"
ሰኔ 16፦ "ደህና ነው፣ በልቷል፣ ተኝቷል።"
ዛሬ፦ "ደህና ነው፣ በልቷል፣ ተኝቷል።"

ዛሬ የደወልኩት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነበር። ሻፊ ቀን ተኝቶ አያውቅም። አየሩ ይሆናል። ጎባ ከእኛ ይልቅ ይበርዳል።

ሐምሌ 2፣ ሰኞ

የዙህራ ጀሶ ተፈታ። እጇ ቀጥኗል። ገበያ ወጥታ ቡና ወደ መስፈር ለመመለስ ሌላ ወር ይፈልጋል አሉ።

ታላቅ ወንድሟ ዘይነዲን ከደሎ መና በአይሱዙው መጣ። የሃረና ማር በጀሪካን አመጣልን። ገና ሳይቀመጥ፣ "ሻፊስ?"

ነገርኩት።

"ለማን ሰጠኸው?"

"ሰው አልሰጠሁትም ዘይነዲን፣ ማዕከል ነው። ሐኪም አለ፣ የሰለጠነ ሰው አለ።"

"ሐኪሙን አየኸው?"

"እሁድ አልነበረም።"

"ወላሂ አንተ በሬ ስትገዛ እንኳ ጥርሱን ታያለህ።" ዙህራ "ተው እንጂ ወንድሜ" አለችው። እሱ አልተወም። "እኛ ጋ ግቢው ሰፊ ነው፣ ወፍጮ የለ፣ ብርድ የለ። ከከብቶቹ ጋር ሲዞር ይውላል። አምጡት እስቲ።"

ልጁ ሕክምና እንጂ ከብት አያስፈልገውም አልኩ። እሱ የማከብረው ሰው ነው፣ ድምፄን ከፍ ማድረግ አልነበረብኝም። ሲሄድ ይቅርታ ሳልጠይቀው ቀረሁ።

ሐምሌ 15፣ እሁድ፣ የረመዳን ሦስተኛ ቀን

አየሁት። ብቻዬን ነው የሄድኩት። ዙህራ ከጾሙና ከእጇ ጋር ሚኒባስ ይከብዳታል ብዬ አስቀረኋት።

ጥሩ ጥሩው፣
ግቢው ተጠርጓል። ስምንቱም ልጆች ታጥበዋል። (ልጆች ይሏቸዋል፣ አንዱ ሽበት አለው።) ሁሉም አንድ ዓይነት አዲስ ቀይ ሹራብ ለብሰው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ሻይና ዳቦ ነበር።

ሌላው፣
ሹራቡ ሱፍ ነው። ተራ ቁጥር 9።
ጸጉሩን ላጭተውታል።
ጫማው የእሱ አይደለም፣ ሁለት ቁጥር ይበልጣል።
ቆርኪዎቹን ጠየቅኩ፤ "ዕቃ ክፍል በጥንቃቄ ተቀምጠዋል" አሉ።
እጁ ላይ፣ አምባር በሚደረግበት ቦታ፣ ዙሪያውን ቀይ ነገር አለ። የሹራቡ እጅጌ ላስቲክ ጠባብ ነው። ሱፍም ስለሆነ።

ሲነሳ ደገፍኩት። እኔ ጆንያ ሳልመዝን ኪሎውን የምናገር ሰው ነኝ። ዘጠኝ ኪሎ ያህል ጎድሏል።

"ቀሎብኛል" አልኩት ጉሉማን።

"ኧረ አባ ሻፊ! ልጅዎ እዚህ ንጉሥ ነው። እኔ ነኝ እንጂ አሽከሩ የቀለልኩት።" ዘበኛው ሳቀ። እኔም እንደ መሳቅ አልኩ።

አንዲት ወጥ ቤት ሠራተኛ፣ የሺሃረግ ይሏታል፣ የሻይ ብርጭቆ ስትሰበስብ ቆማ ታየኝ ነበር። ምን እንደፈለገች አላውቅም።

የዙሁር አዛን ተባለ። ሻፊ አላንጎራጎረም። መስጊዱ ሩቅ ስለሆነ አልሰማው ይሆናል። እኔ ግን ሰምቼዋለሁ።

ለዙህራ "ደህና ነው፣ በልቷል" አልኳት። ሦስተኛውን ቃል ሳልጨምር ተውኩት።

ሐምሌ 18

ዝናብ። ምርጥ ዘር 140 ኩንታል ገባ። ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ቆጠርኩ።

ዙህራ፦ "እጁን አየኸው?" ለምን እጁን እንደጠየቀች አላውቅም። "አየሁት" አልኳት።

ሐምሌ 26፣ ሐሙስ

በመጋዘኑ መኪና ጎባ ዘር ላደርስ ሄጄ ሙዝ ገዛሁና ሳልናገር ወደ ማዕከሉ ጎራ አልኩ። ጉም ነበር። በሩን ሳንኳኳ ዘበኛው "ይጠብቁ" ብሎኝ ገባ። አርባ ደቂቃ።

የአጥሩ ቆርቆሮ ላይ የምስማር ቀዳዳ አለ። አየሁበት። ማየት አልነበረብኝም፣ ግን አየሁ።

ስምንቱ ያው አግዳሚ ላይ ናቸው። ቀይ ሹራብ የለም። ስስ ሸሚዝ፣ አንዳንዱ ቁልፍ የለውም። ባዶ እግር፣ ሲሚንቶው ላይ። የሚናገር የለም፣ የሚነሳም የለም። ሻፊ ከዳር ሦስተኛ ነው። እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከትቷል። ሻፊ ተቀምጦ የማያውቅ ልጅ ነው። እኛ ቤት ከአጥር አጥር ሲመላለስ ሣሩን መንገድ አስመስሎት ነበር።

ጉሉማ በሩን ገርበብ አደረገው። "አባ ሻፊ፣ ዛሬ እኮ ቀኑ አይደለም።"

"አንድ ደቂቃ ብቻ።"

"ለአንድ ሰው ከከፈትን ለሁሉም ነው። ሥርዓት ነው፣ እርሶ ደግሞ የሥርዓት ሰው ነዎት፣ ወረቀትዎን አይተናል።"

ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ሙዙን ለዘበኛው ሰጥቼ ሄድኩ።

የሚቀጥለው እሁድ እሄዳለሁ።

ሐምሌ 29፣ እሁድ

አልሄድኩም። ዝናብ፣ ጾም፣ ራስ ምታት። ሦስቱም እውነት ናቸው።

ነሐሴ 4፣ ዓርብ

የሺሃረግ፣ የማዕከሉ ወጥ ቤት ሠራተኛ፣ መጋዘኑ በር ድረስ መጣች። ሰው ጠይቃ ጠይቃ ነው ያገኘችኝ። ነጠላዋ በስብሷል።

"ከዚያ ቤት ወጥቻለሁ" አለችኝ። "እዚያው እያለሁ ብናገር ልጆቼ ምን ይበላሉ? አሁን ግን ይወቁልኝ ብዬ ነው የመጣሁት።"

ያለችውን በቅደም ተከተል፣

ማታ ለስምንቱ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው፣ ጉሉማ።
ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ሁሉም አልጋ ላይ ናቸው።
አራቱ ይታሰራሉ። ሻፊ አንዱ ነው።
ቀይ ሹራቡ ቅዳሜ ማታ ይወጣል፣ እሁድ ማታ ይቆለፍበታል።
ምግቡ አንድ ላይ ይፈተፈታል። ሻፊ መጀመሪያ አልበላም አለ፣ በኋላ ግማሹን ይበላ ጀመር።
የሚያክማቸው ሰው በሦስት ወር አንዴ ይመጣል።

"ሌሎቹ ሲታሰሩ ይጮሃሉ" አለችኝ። "የእርሶ ልጅ አይጮህም። 'በቃ፣ በቃ' ነበር የሚለው። አሁን እሱንም ትቷል።"

"ማን ፈቀደላቸው?" አልኳት። ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ፣ ጫኞቹ ዞረው አዩኝ።

"እኔ ምን አውቃለሁ አባ ሻፊ። ጉሉማን ስንናገረው 'የዚህኛው አባት በወረቀት ፈቅዷል' ይላል። ውሸቱን ይሆናል።"

የምን ወረቀት እንደሆነ ጠየቅኳት። አላውቅም አለች።

የእኔ ቅጂ መሳቢያ ውስጥ አለ። አላወጣሁትም።

ነሐሴ 5፣ ቅዳሜ

ጎባ ሄድኩ። አቶ ገብረ ሚካኤል ቢሮው ተቀበለኝ። ወንበር ሰጠኝ። እንዳልጮህ ነው የሰጠኝ።

"ልጄን ታስራላችሁ።"

አልካደም። ፋይል አወጣ፣ ገለጠ፣ ጮክ ብሎ አነበበ፤ "ተራ ቁጥር 18። በጣም ሲረበሽ ራሱንም ሰውንም እንዳይጎዳ ለአጭር ጊዜ ሁለት እጁን በለስላሳ ጨርቅ ማሰር ይቻላል።" ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረው። "ጽሕፈቱ የእርሶ ነው?"

"ለአጭር ጊዜ ብያለሁ።"

"አጭር ጊዜ ስንት ነው? አልጻፉም እኮ። ጫማው ስንት ቁጥር እንደሆነ ጽፈዋል፣ ቆርኪ ቆጥረዋል። ይሄን ግን ክፍት ተዉት።" አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ቤት ውስጥ ስንት ሰዓት ነበር የሚያስሩት ጋሽ ሙህዲን?"

ወረቀቱን ወደ እሱ መልሼ ገፋሁት።

"እኔ አንድ ሰው ነው ለማታ ያለኝ። በር ላይ የሚጠብቅ ቤተሰብ ግን ሠላሳ ነው። ካልፈለጉ ያውጡት። ሁለታችሁም ወላጆች መጥታችሁ ፈርማችሁ፣ ምክንያቱን ጽፋችሁ።"

ሁለታችሁም። ዙህራ መጥታ ልትፈርም፣ ፋይሉ ተገልጦ።

ልየው አልኩ። ተኝቷል አሉኝ። ከቀኑ 9 ሰዓት ነው።

ያለ እሱ ተመለስኩ። ሚኒባስ ውስጥ አንዱ ሽማግሌ "አመመህ እንዴ?" አለኝ። ጾም ነው አልኩት።

ነሐሴ 7፣ ሰኞ፣ መጋዘን ውስጥ

ዛሬ ጭነት የለም። ልጻፈው።

ሚያዝያ ላይ ዙህራ ገበያ በምትወጣባቸው ቀናት ሻፊን ወደ መጋዘን አመጣው ነበር። አንድ ቀን መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ሻፊ ከጎማው ሥር ሊገባ ሮጠ። ያዝኩት። ከዚያ ከውስጠኛው ምሰሶ ጋር አሰርኩት። ይሄ የመጀመሪያው ነው፣ ማንም ሰው ያደርገው ነበር።

ሁለተኛው፣ ኦዲተሮች የመጡ ቀን።

ለሦስተኛው ምክንያት ፈለግኩ። ዛሬም ፈለግኩ። የለም።

በጠቅላላው 11 ጊዜ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት። ለስላሳ ጨርቅ አልነበረም፣ ጆንያ የምንሰፋበት ሲባጎ ነው። "በቃ" ሲል ሰምቼዋለሁ። በሩን ዘግቼ ጠረጴዛዬ ላይ የዕቃ መቆጣጠሪያ ቢን ካርድ ስሞላ ይሰማኝ ነበር። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ሬዲዮ ከፈትኩ።

ዙህራ እጁን አይታ "ምንድነው?" ስትለኝ ከአጥሩ ሽቦ ጋር ሲታገል ነው አልኳት። ማር ቀባችለት።

ታዲያ ተራ ቁጥር 18ን ለምን ጻፍኩ? ማንም አላስገደደኝም። ዝርዝሩ የተሟላ እንዲሆን ነው።

ለእሷ ሳነብላት ዘልዬዋለሁ።

ነሐሴ 10

ልነግራት ነበር። እንግዳ መጣ።

ነሐሴ 11

ነገርኳት፤ "ጎባ ጥሩ አይደለም፣ እናውጣው፣ ያንቺም ፊርማ ያስፈልጋል።" ይሄን ብቻ። ምን ሆነ አላለችም። ተነስታ ለዘይነዲን ደወለች፤ "በኢድ መኪናህን ይዘህ ና።"

ነሐሴ 13፣ እሁድ፣ ኢድ

ከሶላት በቀጥታ ጎባ። እኔ፣ ዙህራ፣ ዘይነዲን። ቀይ ሹራብ፣ አግዳሚ፣ ሻይ።

ዙህራ ፊቱ ተንበርክካ፣ "ኮቱ፣ ኢልማ ኮ" አለችው፣ ና ልጄ። አልዞረም። እጅጌውን በቀኝ እጇ ለመሰብሰብ ሞክራ ጣቶቿ እምቢ አሏት፣ በግራዋ ሰበሰበችው። ቆዳው ተልጧል፣ ከዳር በኩል መግል ይዟል። ሁለቱም እጁ።

አላለቀሰችም። ከቦርሳዋ ማር አወጣች። የዘይነዲንን ማር፣ በትንሽ ብልቃጥ። ከቤት ይዛው መጥታ ነበር።

እዚያው ቁጭ ብላ ቀባችው። ጉሉማ "አለርጂ ነው እኮ እናት" አላት። ዘይነዲን "አንተ ሰውዬ፣ ከዚህ ጥፋ፣ ቀኑ ኢድ ነው" አለው። ጉሉማ ጠፋ።

ቢሮ ገባን። አቶ ገብረ ሚካኤል "ኢድ ሙባረክ" አለን። መረከቢያውን አቀረበ። ዙህራ ፈረመች። እኔ ዝርዝሩን አንድ በአንድ አመሳከርኩ። ቆርኪ፣ 64 አስረክቤ 41 ተረከብኩ። "ምርመራ" የሚለው ዓምድ ላይ "23 ቆርኪ ጎድሏል" ብዬ ጻፍኩ።

ስለ እጁ አልጻፍኩም። ኃላፊው ፋይሉ ላይ ጣቱን አድርጎ ቆሞ ያየኝ ነበር።

መኪና ውስጥ ዙህራ በሻፊና በእኔ መሃል ተቀመጠች። ሮቤ ልንገባ ስንል፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ወንድሟ እንዳይሰማ፣ "ዝርዝሩን ስታነብልኝ አስራ ሰባት ብለህ አስራ ዘጠኝ አልክ። ዕድሜዬን ሙሉ ቡና በጣሳ ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ።"

"ታዲያ ለምን ያኔ አልጠየቅሽኝም?"

የተሰበረ እጇን ጭኗ ላይ አገላብጣ አየችው።

"ያመኝ ነበር" አለች።

ነሐሴ 14

ትናንት ማታ ሻፊ አንድ ነገር አደረገ። አሁን አልጽፈውም።

ነሐሴ 17፣ ሐሙስ

አቤቱታ ጻፍኩ። ሰባቱ እዚያው ናቸው፣ ሽበት ያለውም። ሁለት ገጽ፣ 12 ነጥብ። የሺሃረግን ስሟን አትጥራ አለች፣ አልጠራሁም።

ዙህራ "አንብብልኝ" አለች። አነበብኩላት። "ያንን ወረቀት አያይዘህበታል?" አለችኝ። አላያያዝኩም ነበር። አያያዝኩት።

አቤቱታ የሚቀበለው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሁሉም ጥቁር ለብሷል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ አርፈው አገሩ ሀዘን ላይ ነው፣ ቴሌቪዥኑ ከማክሰኞ ጀምሮ የሀዘን ዜማ ነው። ሠራተኛው አቤቱታውን ዘሎ ወረቀቱን አነበበ። ተራ ቁጥር 18 ላይ እስክሪብቶውን አቆመ።

"ይሄ ፊርማ የማን ነው?"

"የኔ ነው።"

"ታዲያ አባባ፣ ማንን ነው የሚከሱት?"

"እነሱንም፣ እኔንም" አልኩ። በቤቴ አስቤው አልሄድኩም፣ ዝም ብሎ ወጣ።

ወረቀቶቹን አስተካክሎ መለሰልኝ። "ለማንኛውም ከሀዘኑ በኋላ ይምጡ።"

ነሐሴ 26፣ ቅዳሜ

ማር በቀን ሁለቴ። የግራው ደርቋል። የቀኙ ገና።
ወጥ ለብቻ፣ በሳህን። ይበላል።
ቆርኪ፣ ዘይነዲን ከየሻይ ቤቱ ለቅሞ 23 አመጣ። ሻፊ ለየብቻ አስቀመጣቸው፣ ከአርባ አንዱ ጋር አይቀላቅልም።
አዛን፣ እስካሁን አላንጎራጎረም።
ቃል፣ "ውሃ" ሁለት ጊዜ። "አባ" የለም። "በቃ" የለም።

ከአዲስ ዓመት በፊት ዙህራና ሻፊ ደሎ መና ይሄዳሉ። እዚያ ይቆያሉ አለች። ስንት ጊዜ እንደሆነ አልነገረችኝም። እኔንም ና አላለችኝም።

ጽሕፈት ቤቱ ሁለቴ ሄጃለሁ። ሰኞም እሄዳለሁ።

አሁን ያስቀረሁትን ልጻፍ። ከኢድ ማታ ጀምሮ በየቀኑ ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን፣ ሰዓት ማንበብ የማይችለው ልጅ፣ መመላለሱን ያቆማል። አልጋው ላይ ይቀመጣል። ሁለት እጁን ገጥሞ ወደ ፊት ይዘረጋል። ወደ እናቱ አይደለም። ዙህራ ፊቱ ብትቆም እንኳ በጎኗ አልፎ ወደ እኔ ነው። ከዚያ ይጠብቃል።

እቆጥራለሁ። ነሐሴ 13 ዘረጋ። 14 ዘረጋ። 15 ዘረጋ። እስከ ትናንት አስራ ሦስት ቀን። ዙህራ እጆቹን ይዛ ታወርዳቸዋለች። ይመልሳቸዋል።

ዛሬ እሷ ጎረቤት ነበረች። 12 ሰዓት ሆነ። ፊቱ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ባዶ እጄን፣ ሁለቱንም፣ ገልብጬ ገልብጬ አሳየሁት። ሲባጎ የለም፣ ጨርቅ የለም።

"በቃ" አልኩት። "በቃ ሻፊ። በቃ።"

ዓይኑ እጄ ላይ ነው። እጆቹን ትንሽ አስጠጋልኝ፣ እንዲቀለኝ።